ከመፈረምሽ በፊት

ይድረስ ለልጄ፣

እናትሽ ጉልበቷን እያመማትም ገበያ መውረዱን አልተወችም። በርበሬ አስፈጭታልሻለች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ስናገኝ ይደርስሻል።

በስልክ የላክሽልኝን ውል የጎረቤት ልጅ አትሞ አመጣልኝና መነጽሬን አድርጌ ደጋግሜ አነበብኩት። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ አልዋሽሽም፣ ቁጥሩን ሳይ ልቤ ደንገጥ ብሏል። ፊልሙም ሆነ ከፊልሙ የሚገኘው መብት ሁሉ የገንዘብ አውጪው ነው የሚለው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ቡና አስፈላሁ። ከዚያ ደግሞ ሰውየው በቃል ያለሽ አለ፤ በፊልምሽ ውስጥ ያለችው የሐብሩዋ ባልቴት አነጋገሯ ሰው የሚያስቅ ይሁን፣ መጨረሻውም በሰርግ ይለቅ ብሎሻል። አንቺም «አባባ፣ ምን ትለኛለህ?» ብለሻል። የምለውን ከማለቴ በፊት ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ።

ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን በትምህርት ቤታችሁ ሳታውቂው አትቀሪም። መምህሮችሽ ስለ ጥበቡ ነግረውሽ ይሆናል፤ እኔ ስለ ሒሳቡ ልንገርሽ።

ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ፤ ከአስር ልጆች አራተኛው ነው። እናቱ አስተማሪ፣ አባቱ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። አባትየው የጻፉትን ቴአትር ይዘው በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጅየው ግን ሲኒማ ቤት ገብቶ ታርዛንን ያያል። ኋላ ራሱ ሲያወራው፣ ጥቁሮቹ ከታርዛን ጀርባ አድብተው ሲመጡ እሱና ጓደኞቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ ነበር። የአርበኛ አገር ልጅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ በራሱ ወገን ላይ ሲጮህ አስቢው! ልጁን ማንም አላስገደደውም፤ ካሜራውን የያዘው ሰው ቀድሞ ወገን መርጦለት ነበር።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ቴአትር ሊማር ቺካጎ ሄደ። እዚያ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው የአሽከር ገጸ ባሕርይ ሲሰለቸው በ1970 ሎስ አንጀለስ ገብቶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም መማር ጀመረ። ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካውያን እዚያው አብረውት ነበሩ፤ ሆሊውድ አጠገባቸው ተቀምጦ እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይሠሩ ነበር። «ቡሽ ማማ» የሚለውን ፊልሙን ፈልገሽ እዪው። ሲቀርጹ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መጥቶ ባልደረቦቹን አስቁሞ ይፈትሻል። ካሜራው አልጠፋም ነበርና ያንን እውነተኛ ፍተሻ ወስዶ የፊልሙ መክፈቻ አደረገው። ለአንድ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ንጥቂያ የለም።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመልስሽ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ያ ክፉ የረሃብ ቀን ሲመጣ እኔ ወልድያ ተማሪ ነበርኩ። ከየቀበሌው የወጣው ገበሬ የደሴን መንገድ ይዞ ተቀምጧል፤ መኪና ሲመጣ ይነሳል፣ መኪናው ሲያልፍ ይቀመጣል። ከመርሳ በኩል ስንመጣ ያየኋት አንዲት ሴት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። አቧራ ለብሳ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጇን ለምጽዋት ከመዘርጋቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለች። ጫፉን ሳብ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ከዚያ በኋላ ነው እጇ የተዘረጋው።

በዚያው ሰሞን ዮናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ገብቶ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መንግሥት እዚህ የደበቀውን ዓለም እዚያ አወቀው፤ እርዳታ መጣ። ሰውየውን አላማውም፣ እንዲያውም ባለውለታችን ነው። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ ቆርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ምስል ነው ልጄ፤ አንዱ ሲቆርጠው ስንዴ አመጣ፣ ሌላው ሲቆርጠው መንግሥት ገለበጠ። በመንገዱ ዳር የተቀመጡትን በሁለቱም ጊዜ የጠየቃቸው የለም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚንና ማይክል ቡርክ ኮረም ላይ ያነሱት ዓለምን አስለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ወሎዬ ነኝ ባልኩበት ሁሉ ፊቱን በሐዘን የሚያጠቁር ሰው አይጠፋም። ይኸው ዛሬም አልለቀቀንም።

ኃይሌ ግን በፈረንጆቹ 1974፣ አገሪቱ ስትናጥ፣ ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ቀረጻው የሁለት ሳምንት ያህል፣ ተዋንያኑ በአብዛኛው ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ እናትሽ መሃል ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እኔም አልፈረድኩባትም። ግን እዪው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጭሰኞቹን ይሳደባል፤ አባት፣ እናትና ልጆች ከንጋት እስከ ማታ ያርሳሉ፤ ልጅቷ ከብት ልታድን ብላ ወንዝ ይወስዳታል። ከበበ የሚባል መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እብድ የሚለው ሰው አለ፤ እውነቱን ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው። ገበሬው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ዝምታ፣ በራሱ ፍጥነት ይኖራል። ሌሎቹ ካሜራዎች ሰው ሲራብ ደረሱ፤ የኃይሌ ካሜራ ለምን እንደሚራብ የሚያሳየውን ማሳ ላይ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ጭሰኝነት ቀረ።

ይህን ያልኩሽ ለታሪክ ብቻ አይደለም። አያትሽ በጃንሆይ ጊዜ የሰው መሬት ያርሱ እንደነበር ታውቂያለሽ። በሬው የራሳቸው፣ ጉልበቱ የራሳቸው፣ ዘሩም አንዳንዴ የራሳቸው ነው፤ አውድማው ላይ ግን ባለመሬቱ ቀድሞ ይሰፍራል፣ የሚዘራውንም የሚወስነው እሱ ነው። የላክሽውን ውል ሳነብ የታየኝ ያ አውድማ ነው። የጭሰኛን ኑሮ የቀረጸው ኃይሌ በፊልሙ ሥራ ራሱ ጭሰኛ መሆን አልፈለገም፤ ዳይሬክተርነቱን ይዞ ፕሮዲዩሰርነቱንም የተሸከመው ለዚህ ነው።

የተሸከመውን ደግሞ በደንብ ስሚ፣ ምክንያቱም ወጣቶች ይህን ክፍል ትዘላላችሁ። «ሳንኮፋ» የሚለውን ስለ ባርነት የሚናገር ፊልም ገንዘብ እየለቀመ ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በፈረንጆቹ 1993 በርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ሲመለስ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ ጠፋ። ምን ያድርግ? እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና፣ እሷም ፊልም ሠሪ ናት፣ ዋሽንግተን ላይ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ሰው የሚጠራው የሠፈሩ ሰው ሆነ። ፊልሙ ለሳምንታት ሞልቶ ታየና ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ሌላ። ባተረፉት ገንዘብ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ጆርጂያ ጎዳና ላይ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ካፌም አለው፤ ሳንድዊቾቹ በጥቁር ፊልም ሠሪዎች ስም ይጠራሉ አሉ። (አንቺ ሳንድዊች ከመሆንሽ በፊት ፊልሙን ጨርሺ።) ቤቱ የራሳቸው ነው፤ ግን በ2019 የንብረት ግብሩ ከብዷቸው የሠፈሩ ሰው ወጥቶ የከተማውን ምክር ቤት እስኪማጸን ደርሰው ነበር። ነፃነትም የግብር ደረሰኝ አለው።

ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ይህን ሁሉ ያስቻለው ደመወዝ ነው። ከፈረንጆቹ 1975 ጀምሮ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሲያስተምር ኖሯል፤ ፊልሙ ባይሸጥ ልጆቹ ጾማቸውን አያድሩም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህን ስጽፍ ትንሽ ደስ ይለኛል፤ ፍቀጅልኝ። አሁን የያዝሽውን የሰርግ ቪዲዮ ሥራ ናቅሽው፣ «ጥበብ አይደለም» አልሽኝ። አትናቂው። ለማንም «እምቢ» ማለት የምትችይው የቤት ኪራይሽ ተከፍሎ ያደረ እንደሆነ ነው።

ጓደኞችሽ ፈረንሳይን እያነሱ ይቀናሉ አልሽኝ። እውነት ነው፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከሚሸጠው የሲኒማ ትኬት ላይ እየተቀነሰ ወደ ፊልም ሠሪው የሚመለስበት ሥርዓት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀምሮ አለ፤ ዳይሬክተሩ የራሱን ድርጅት አቁሞ ፕሮዲዩሰር ቢሆን የሚደገፍበት ጥላ አለው። ያችው ፈረንሳይ ግን በፈረንጆቹ 1934 ባወጣችው ደንብ በቅኝ ግዛቶቿ ያለ ፈቃድ ፊልም እንዳይቀረጽ ከልክላ ነበር። ሴኔጋላዊው ሴምቤን ዑስማን በ1965 ዣን ሩሽ የተባለውን ፈረንሳያዊ ፊት ለፊት «እንደ ነፍሳት ታዩናላችሁ» የሚል ቁጣ ያሰማው ወዶ አይደለም። ገንዘቡ ባለበት ሁሉ ዓይኑም አለ፤ ያገራችን ባለገንዘብም ቢሆን ያው ነው። የሐብሩ ባልቴት ታስቀን ያለሽ ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ባላገር የሚያስቅ ይመስለዋል፣ በቃ። እሱም ታርዛንን ሲያይ አድጎ ይሆናል።

«ጤዛ»ን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሊጠናቀቅ አሥራ አራት ዓመት ያህል ፈጀ፤ እህቱ ሰሎሜ ገሪማ በፕሮዲዩሰርነት ከጎኑ ነበረች። አንበርብር የሚባል ጀርመን የተማረ ሐኪም እግሩን አጥቶ፣ ልቡ ተሰብሮ ጣና ዳር ወዳለች መንደሩ ይመለሳል። የመንደሩ ልጆች ከደርግ አፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ያድራሉ። እኛ ያንን ፊልም አላየነውም ልጄ፣ ኖርነው፤ አጎትሽን ሴት አያትሽ ስንት ሌሊት ጎተራ ውስጥ እንደሸሸጉት ራሱ ይንገርሽ። መጨረሻ ላይ አንበርብር የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። በፈረንጆቹ 2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ራሱ ሆሊውድ ደግሞ ጀርባውን የሰጠውን ሰው በ2021 በኦስካር ሙዚየሙ ምርቃት ሰሞን ሸለመው፤ «ሳንኮፋ»ም ታድሶ በኔትፍሊክስ ወጣ። ያኔ ሰውየው ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር።

ልብ በይ፣ አሥራ አራት ዓመት ቁጭ በይ እያልኩሽ አይደለም። የሱ እልህ ለሁሉ አይሆንም፤ አንዳንዴም ሳስበው ትንሽ ቢለዝብ ኖሮ ተጨማሪ ሦስት አራት ፊልም ይኖረን ነበር እላለሁ። አንቺ ያለሽው የሃያ ደቂቃ ፊልም ነው፤ ኃይሌ በዚያን ጊዜ ለፊልም ላቦራቶሪ ይከፍለው የነበረው ገንዘብ ዛሬ ለአንቺ አያስፈልግሽም። ስለዚህ ለሰውየው በትህትና እንዲህ በይው፤ ገንዘቡን ግማሽ ያድርግና ትርፉን ይካፈል፣ ስክሪፕቱና የመጨረሻው ኤዲቲንግ ግን ያንቺ ይሁን፣ ይህም በጽሑፍ ይግባ። እምቢ ካለ አመስግነሽ ተሰናበቺው፣ አትጣዪው፤ አዲስ አበባ ጠባብ ናት። ውሉን ወልድያ ያለው ጠበቃ ዘመዳችን እያየው ነው፤ እሱ ሳይጨርስ እጅሽ ብዕር እንዳይነካ።

እኔ በበኩሌ ከጡረታዬ ያጠራቀምኩት አለ። ብዙ አይደለም። ለካሜራ ኪራይና ለመኪና ይሆናል፤ ምግቡን እናትሽ ትችለዋለች። ብድር ነው፣ ስጦታ አይደለም፤ ፕሮዲዩሰር መሆን የምትማሪው ስትመልሺልኝ ነው።

ሐብሩም ሄጄ ስለ ፊልምሽ አክስትሽን አነጋግሬአለሁ። «የኔን ፊት ማን ያያል?» ብላ ሳቀች፤ ኋላ አሰበችበትና እሺ አለች። ሦስት ነገር ግን አስይዛኛለች። ማሽላው ሳይታጨድ እንድትመጪ፣ ጓሮዋ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር እንጂ ከጭሱ ቤት ውስጥ እንዳታነሺያት፣ ከማንም በፊት ደግሞ ጎረቤቶቿን ሰብስባ እሷ እንድታየው። ትልቁን አንሶላ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን ብላለች፤ ጄኔሬተር ከመርሳ እኔ አመጣለሁ። አብሽሪ፣ መንገዱ ደህና ነው። የምትነሺበትን ቀን ብቻ ቀደም ብለሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ
ከወልድያ