የአራዳው ጊዮርጊስ እና ሰፈርተኛው

የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዋለ፤ ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ዘምቶ ስለነበር የድሉ መታሰቢያ በማን ስም ይታነጽ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራከረ አይመስልም። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ፣ አራዳ ላይ ያሠሩትን ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን የነደፈው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሰባስቲያኖ ካስታኛ ነው። ጣሊያን ለተሸነፈበት ጦርነት መታሰቢያውን ጣሊያናዊ መንደፉ የታሪክ ቀልድ ነው።

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. የነገሡት እዚሁ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚሁ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲሆን ቀኑ አሁንም ጊዮርጊስ ነበር። በዋዜማው ከደብሩ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ተመርቋል።

አራዳ ግን የቤተ መንግሥት ሰዎች ብቻ አልነበረም። የከተማው ዋና ገበያ ደብሩን ተጠግቶ ይውል ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ1928 ዓ.ም.፣ የሰፈሩ ወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን አቋቁመው «ቅዱስ ጊዮርጊስ» አሉት። ደብሩን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ዛሬም ስሙን በስታዲየም ይጮኹታል።

ወራሪው የመታሰቢያውን ትርጉም በደንብ ገብቶት ነበር። ሐውልቱን ነቅሎ ቀበረው፤ የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በተፈጸመባቸው ቀናት፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላይም እሳት ለቀቀበት። ገበያውንም አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ የዛሬው መርካቶ የተወለደው እንዲህ ነው። የድንጋዩ ግድግዳ እሳቱን ቻለ። ከነጻነት በኋላ ደብሩ ታደሰ፣ ሐውልቱም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ውስጡን ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥዕል አስጌጡት። ገበያው ግን በሄደበት ቀረ።

የየካቲት 23 የድል በዓል ሐውልቱ ባለበት አደባባይ ላይ ሲከበር ኖሯል፤ ሁሌም በሰላም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. የጸጥታ ኃይሎች የተኮሱት አስለቃሽ ጭስ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ደርሷል።

በ2016 ዓ.ም. ከደብሩ ብዙም ሳይርቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመረቀ። በዚያው ዓመት በከተማዋ የኮሪደር ልማት የአራዳዋ ፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈረሱና ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ሙዚየሙ የጀግኖቹን ታሪክ ያስቀምጣል። ደብሩን በየወሩ በ23 ሲሳለም የኖረውን ሰፈርተኛ ታሪክ የሚያስቀምጥለት ግን ያው ሰፈርተኛው ነው። አራዳ ያደጋችሁ፣ የክርስትናና የሠርግ ፎቶዎቻችሁን ከጀርባቸው ስምና ዓመተ ምሕረት ጽፋችሁ አቆዩ፤ አዛውንቶቹንም ዛሬውኑ ጠይቁ።