አብርሃም በይፋት ቆላ
ማስታወሻ፣ ሸዋ ሮቢት፣ 2017 ዓ.ም.

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዛሬ ዓረፋ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ከሶላት እንደተመለሱ ልጃቸውን ልከው ከነቤተሰባችን ጠሩን። በአገራችን ደንብ ለክርስቲያን ጎረቤት ፍየሉ ለብቻው ይያዛል፤ ከእኛ ወገን አንዱ ባርኮ ያርደዋል፤ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። በዓለ ኀምሳ ስላልወጣ ዓርብ ቢሆንም ጾም የለብንም። አብረን በላን፤ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ።

ሐጂ የበዓሉን ምክንያት ለልጆች ሲያስረዱ የኢብራሂምን መታዘዝ ተረኩ። ሙስሊሞች ለመሥዋዕት የቀረበው እስማኤል ነው ይላሉ፤ ኦሪት ዘፍጥረት ይስሐቅ መሆኑን ይነግረናል፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። በአባትየው ላይ ግን ልዩነት የለንም፤ ሲጠራ «አቤት» ያለ ሰው ነው።

ማታ ለክረምቱ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አብርሃምን ለማስተማር ወሰንኩ። ልጆቹ ከታሪኩ የሚያውቁት ቢላዋውን ነው። እኔ ከቢላዋው በፊት የነበረውን ዘመን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅን ሲወልድ 100 ሞልቶታል። ወደ ተራራው የወጣው ብዙ ዘመን ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው።

ሰኔ 8፣ እሑድ

የመጀመሪያውን ትምህርት ከመጽሐፈ ኩፋሌ ጀመርኩ። ይህ መጽሐፍ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። በኦሪት የሌለውን የአብርሃምን ልጅነት ይነግረናል። አብርሃም በ14 ዓመቱ የአባቱን የታራን ጣዖት ትቶ ፈጣሪውን መፈለግ ጀመረ። በዚያው ዕድሜው በዘር ወቅት ቁራዎች እንደ ደመና እየመጡ ዘሩን ሲለቅሙ እየሮጠ ይመልሳቸው ነበር፤ በአንድ ቀን 70 ጊዜ መለሳቸው ይላል። ከዚያም የእንጨት ጠራቢዎችን አስተምሮ፣ ዘሩ ከማረሻው ሥር እንዲወርድና ወፍ እንዳያገኘው የሚያደርግ ዕቃ በሞፈሩ ላይ አሠራ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። አብዛኞቹ ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ ይዘው ግሪሳ ወፍ የሚጠብቁ ናቸው። ፀሐዩን፣ ጥማቱን፣ ለአፍታ ዘወር ሲሉ የሚደርሰውን ጥፋት ያውቁታል። ያ ሥራ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግነው ሥራ ነው። የእግዚአብሔር ወዳጅ የተባለው ሰው ታሪክ ግን በመጽሐፋችን ከእንዲህ ያለ ሥራ ይጀምራል። ለአባቱ ማሳ የታመነ ልጅ ኋላ ትልቅ አደራ ተሰጠው። ለጣዖቱ ግን አልታዘዘም፤ አባቱን ማክበርና አባቱ ለሚሰግድለት መስገድ ለእርሱ አንድ አልነበሩም። ይህንንም ለልጆቹ ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ዝናቡ ገና አልጠናም፤ የሮቢ ወንዝ ውኃ ቀጥኗል። በመስኖው ሠፈር በውኃ ተራ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ተቀመጠ። አንደኛው ሽንኩርቱ ሊደርቅበት ነው፤ ሌላው ተራዬን ተነጠቅሁ ባይ ነው። የውኃ አባቱ ቢናገሩም የሚሰማቸው ጠፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሙስሊም አባት፣ የአብርሃምንና የሎጥን ነገር አነሡ። እረኞቻቸው በግጦሽ ሲጣሉ አብርሃም ታላቅ ነበር፤ አጎት ነበር፤ ምድሪቱም ተስፋ የተሰጠችው ለእርሱ ነበር። ሆኖም መምረጡን ለታናሹ ተወለት፤ ሎጥም ለምለሙን የዮርዳኖስን ዙሪያ መረጠ። አብርሃም አልተከራከረም።

ከሸንጎው ስመለስ ይህን አሰላሰልኩ። ይፋት የደጋና የቆላ፣ የአራሽና የከብት አርቢ መገናኛ ነው፤ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ ከብቱን ከአንድ ወንዝ ያጠጣሉ። እዚህ በውኃና በግጦሽ የተጀመረ ጠብ የት እንደሚደርስ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ መታዘዝ ከጸሎት ቤት ወጥቶ ቦይ ዳር መታየት አለበት። የዛሬዎቹ ሁለት ሰዎች ታርቀዋል፤ ሽንኩርቱ የጠወለገበት አስቀድሞ እንዲያጠጣ ሌላው ፈቀደ። በዛሬው ቀን የአብርሃም ልጅ ያ ሰው ነው፤ ቢያውቀውም ባያውቀውም።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ቅድስት ሥላሴ በአብርሃም ቤት የተገኙበት በዓል። ከቅዳሴ በኋላ የጽዋ ማኅበራችን ተሰበሰበ፤ ጠበሉ ተቀመሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ።

ታሪኩ ለቆላ ሰው ይቀርባል። ፀሐዩ በበረታበት ሰዓት አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ በድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሰዓት እናውቀዋለን፤ ከብት እንኳ ጥላ የሚፈልግበት፣ ሰው ከተቀመጠበት ለመነሣት የሚሰንፍበት ነው። ዕድሜው 99 ሆኖ ሦስት እንግዶች ሲያይ ሮጠ። ጥቂት እንጀራ ላምጣ አለ፤ ያቀረበው ግን የሰባ ጥጃ፣ ቅቤና ወተት፣ ሣራ ከሦስት መስፈሪያ ዱቄት የጋገረችው ነበር። ሲበሉም ቆሞ አስተናገደ። እነማን እንደሆኑ አስቀድሞ አልጠየቀም።

ማኅበርተኞቹ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ከተማ የተቃጠለችበትን ጊዜ አነሡ። ያኔ ልጅ ያዘለች እናት ደጃፋቸው ደርሳ ያስገቡ፣ ከልጆቻቸው ጉርሻ ከፍለው ያበሉ ዛሬም አብረውን ተቀምጠዋል። በተከታዩ ዓመት፣ ኅዳር 2014፣ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ሲደርስ እኛው ራሳችን ተሰዳጅ ሆነን ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣን። የማያውቁን ሰዎች በር ከፈቱልን። እንግዳ መቀበል ሀብት ላለው ብቻ የተሰጠ ትእዛዝ እንዳልሆነ ያን ዓመት ተማርን። አብርሃምም እንግዶቹን ከሸኘ በኋላ ስለ ሰዶም ማለደ፤ ከ50 ጻድቃን ጀምሮ እስከ 10 እያወረደ ለከተማው ሰዎች ለመነ። የእንግዳው ደጃፍና የምልጃው ቦታ አንድ ነው።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ጾመ ፍልሰታ ነው። በትምህርታችን ዛሬ ወደ ተራራው ደረስን። አብርሃም ማልዶ እንደተነሣ፣ አህያውን እንደጫነ፣ እንጨቱን እንደፈለጠ፣ ሦስት ቀን እንደተጓዘ አስተማርኩ። ይስሐቅ እንጨቱን ተሸክሞ መውጣቱ ክርስቶስ መስቀሉን የመሸከሙ ምሳሌ ነው፤ በዕፀ ሳቤቅ ተይዞ የተገኘው በግም ለእኛ የተሰጠውን ቤዛ ያሳያል።

አንዲት ልጅ እጇን አነሣች። «እግዚአብሔር የእኔንም አባት ቢያዘውስ?» አለችኝ። ሌሎቹ ጸጥ አሉ። የሚገባት መልስ ሙሉ መልስ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። እግዚአብሔር የአብርሃምን እጅ ያዘው፤ ልጁን አልወሰደም፤ በጉን ራሱ አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ አብ የገዛ ልጁን ለእኛ ሰጠ እንጂ የእኛን ልጆች አልጠየቀም። እንግዲህ ሰውን ግደል፣ ልጅህን ጉዳ፣ ጎረቤትህን አቃጥል የሚል ድምፅ ቢመጣ፣ በእግዚአብሔር ስም ቢመጣም እንኳ፣ ከእርሱ አይደለም። መታዘዝ የራስን ፈቃድ መሠዋት ነው፤ ሌላውን ሰው መሠዋት አይደለም። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ጥያቄ በመጠየቋ አመሰገንኳት፤ አገራችን ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነውና።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ በዓል። የክረምቱን ትምህርት ዛሬ ፈጸምን።

መጽሐፈ ኩፋሌ አብርሃም በ10 ፈተና እንደተፈተነ ይናገራል። ልጆቹ አሥረኛው የተራራው ነው ብለው ገምተው ነበር። አይደለም። አሥረኛው የሣራ ቀብር ነው። ሣራ በ127 ዓመቷ በኬብሮን ስትሞት አብርሃም የመቃብር ያህል መሬት እንኳ አልነበረውም። ምድሪቱ በሙሉ ለዘሩ እንደምትሰጥ ቃል ተገብቶለት ነበር፤ እርሱ ግን ተስፋውን አንሥቶ «የእኔ ናት» አላለም። በአገሩ ሰዎች ፊት ሰገደ፤ በለሰለሰ ቃል ለመነ፤ በነፃ ውሰድ ሲሉት እንቢ ብሎ ለኤፍሮን 400 ሰቅል ብር መዘነ። ሐዘን ላይ ሆኖ፣ ሬሳ ፊቱ ተጋድሞ፣ ከጎረቤቱ ጋር በትዕግሥት ተነጋገረ። መጽሐፉ የታመነና ታጋሽ ሆኖ ተገኘ የሚለው በዚህ ነው።

ከተራራው ፈተና በኋላ ይህ መምጣቱ ለይፋት ትልቅ ትምህርት ነው። ለእግዚአብሔር ልጁን ያልከለከለ ሰው በመሬት ነገር ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ደግሞ ተፈተነ። ብዙዎቻችን በመጀመሪያው እናልፍ ይሆናል፤ ስእለት እንሳላለን፣ እንጾማለን፣ ሌሊት እንቆማለን። የምንወድቀው በድንበር ድንጋይ ላይ፣ በውኃ ተራ ላይ፣ በመቃብር ቦታ ላይ ነው። ተስፋው የታመነለት ሰው አይሻማም። የተሰጠውን ቃል የሚያምን ከወንድሙ እጅ መንጠቅ አያስፈልገውም፤ የሰጪው እጅ አያጥርምና።

ለልጆቹ የክረምት የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከመስከረም በፊት እያንዳንዳቸው መብታቸው የሆነ አንድ ነገር ለጎረቤት ልጅ እንዲተዉ፤ ጎረቤቱ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሊሆን ይችላል። ወላጆቻቸውንም ይህንኑ ጠይቄያለሁ። እኔም ከአጥር ጎረቤቴ ጋር ስንከራከርበት የቆየነውን የወሰን ነገር ነገ ጠዋት ሄጄ እተውለታለሁ።