«ሲ ላይ ዕቃ አለዎት?»

ባለፈው ክረምት የቤታችን ኮምፒውተር አልከፍት አለና ዲላ ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ልጅ «ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫን አለበት። ሲ ላይ የሚፈልጉት ዕቃ አለዎት?» ሲል ጠየቀኝ። «ምንም የለኝም» አልኩት። ፋይሎቼን የማስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነበር።

ማታ ስከፍተው ዴስክቶፑ ባዶ ነው። እናቴ ከማረፏ በፊት ለልጆቼ በጌዴኡፋ ተረት ስትነግራቸው የቀዳሁት ድምፅ እዚያ ነበር። ራት ሳልበላ ተኛሁ።

በማግስቱ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ አስረዳችኝ። «አባዬ፣ ዴስክቶፕ ላይ የምታየው ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ውስጥ ነው። ሃርድ ዲስኩን እንደ ቤት አስበው። አንድ ቤት ሳሎንና ጓዳ ተብሎ ይከፈላል። ሲ የዊንዶውሱና የፕሮግራሞቹ ክፍል ነው። ዲ የእኛ ጓዳ ነው።» ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ሲ ይጠረጋል፣ ዲ ካልነኩት እንዳለ ይቆያል። እውነትም ዲ ውስጥ የነበረው የምረቃ ፎቶ አልተነካም። ፊደሉ ለምን ከሲ እንደሚጀምር ስጠይቃት፣ ኤ እና ቢ ድሮ ለፍሎፒ ዲስክ የተሰጡ ናቸው አለችኝ።

የእናንተ ኮምፒውተር ሲ ብቻ ካለው ዲ መፍጠር ይቻላል። አስቀድማችሁ ፋይሎቻችሁን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ከዚያ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ከፍታችሁ፣ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ «ሽሪንክ ቮልዩም» በሉ። መጠኑን የሚጠይቀው በሜጋባይት ነው፤ 100 ጊጋባይት ለመቁረጥ 102400 ይጻፋል። በተቆረጠው ባዶ ቦታ ላይ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» ስትሉ አዲሱ ክፍል ይፈጠራል። ለሲ ግን አትሰስቱ፤ ዊንዶውስ 11 ብቻውን ቢያንስ 64 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ይፈልጋል።

ልጄ አንድ ነገር አክላ አስጠነቀቀችኝ፦ «ሲ እና ዲ ከአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ሁለቱም ይሄዳሉ።»

ይርጋጨፌ ለምትኖረው እህቴ ደውዬ የሆነውን ስነግራት «እኔ ጋ አለ እኮ! የዚያን ዕለት ስልኬ ላይ ልከህልኝ የለም እንዴ?» አለችኝ። ረስቼው ነበር።

ዛሬ የእናቴ ድምፅ ዲ ውስጥ አለ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ አለ፣ እህቴም ቤት አለ። «ሲ ላይ ዕቃ አለዎት?» ለሚለኝም ከእንግዲህ ሳላይ አልመልስም።