ሪሞቱ ነው ወይስ ጓደኛችን?

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከአምባ ጊዮርጊስ መጥተን ጎንደር ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት እጩ መምህራን ነን። ቴሌቪዥናችን አንድ፣ ሪሲቨራችን ግን ሁለት ነው፤ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ስለሚገኙ ዲሹም ለየብቻ ነው።

አንድ ሰሞን ኳስ ልናይ ስንል ጣቢያው ተቀይሮ እናገኘው ጀመር። «ያ ዜና ወዳዱ ነው!» አልን ሦስታችን። ቢምል ቢገዘት አላመንነውም። ከአንድ ትሪ ስንበላ የኖርን ልጆች፣ እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ራቱን ለብቻው በላ።

በመጨረሻ ነገሩን መረመርነው። ሪሞት የሚልከው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ነው፤ በብዙ ስልኮች ካሜራ ሲታይ ግን ብልጭ ይላል። የእኛ ሪሲቨሮች ዓይነታቸውም ምልክታቸውም አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱም እንደበሩ አንዱን ስናዝ ሌላውም ይታዘዛል። ለካስ ቀያሪዎቹ እኛው ነን! አሁን የማንጠቀምበትን ሪሲቨር ዓይን በካርቶን እንጋርዳለን፤ ነገሩም አበቃ።

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀናል። ነገ ክፍል ገብተን «ማነው የረበሸው?» ብለን ጣት ከመቀሰራችን በፊት ግን መመርመር ይልመድብን። ግለ ሂሳችን ይኸው ነው።