ከየት ገለበጥኸው?

ዕድሜዬ 13 ዓመት ሳለ ለትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል የሚነበብ አንድ ግጥም ጻፍሁ። ግጥሙ ስለ በሬ ነበር። በቤታችን ከአንድ በሬ በላይ ኖሮ ስለማያውቅ፣ ወንድ አያቴ የሚያርሱት ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ ነበር፤ ያንን ብቸኛ በሬ ሴት አያቴ «ይበቃናል» ብለው ስም አውጥተውለታል። ስሙ ምስጋና ይሁን ምፀት እስከ ዛሬ አልተረዳሁትም። የአማርኛ መምህራችን ግጥሙን ተቀብለው አነበቡት፤ መልሰው አነበቡት፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው በክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ፊት፣ «ይህን ከየት ገለበጥኸው?» አሉኝ። «የራሴ ነው» ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣልኝም። ዝምታዬ እንደ ማመን ተቆጠረብኝ። በበዓሉ ቀን በእኔ ፈንታ የወጣው ልጅ ያነበበው ግጥም ከመማሪያ መጽሐፋችን ቃል በቃል የተገለበጠ ነበር። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ያ ጥያቄ ከ30 ዓመት በላይ ከእኔ ጋር ኖረ። «አትችልም» ቢለኝ ኖሮ ምናልባት ብዕሬን ጥዬ ሌላ ሙያ እይዝ ነበር፤ እርሱ ግን ከዚህ ይልቅ ብልህ ነበር። «መጻፍስ ትጽፋለህ፤ ነገር ግን ጥሩ የሆነው የአንተ አይደለም፣ የአንተ የሆነውም ጥሩ አይደለም» ይለኛል። አንድ ስንኝ ሰምሮ ሲመጣልኝ፣ ደስ በመሰኘት ፈንታ ደንግጬ ወደ መጻሕፍት መደርደሪያዬ እሄድና የስንኙን ባለቤት እፈልጋለሁ። ባጣው እንኳ «አላገኘሁትም» እንጂ «የለም» አልልም። ዩኒቨርሲቲ መግባቴም አልረዳኝም፤ ብዙ ባነበብሁ ቁጥር የምጠረጥራቸው ባለቤቶች በዙ እንጂ። የመጀመሪያው ተውኔቴ ለመድረክ በበቃበት ምሽት ተመልካቹ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ፣ እኔ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆሜ «ይህ ሁሉ ለአዘጋጁና ለተዋንያኑ ነው» እያልሁ ነበር። ሁለተኛው ተውኔቴ ሁለተኛው ገቢር ላይ ቆመ፤ እንደ ቆመም ስድስት ዓመት ቀረ። ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ «እየበሰለ ነው» እላቸው ነበር። ስድስት ዓመት የሚበስል ምን ዓይነት ወጥ እንደ ሆነ የጠየቀኝ አልነበረም።

እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ የሚለብሰው ልብስ በቋንቋችን ውስጥ ተሰፍቶ ይጠብቀዋል። «አይሆንልኝም» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከተው። «አልችልም» የሚል ሰው ቢያንስ የማይችለው እርሱ መሆኑን ይናገራል፤ «አይሆንልኝም» ሲል ግን የማይሆነው ሌላ፣ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ ነገር ነው፤ ተናጋሪው ዳር ቆሞ ተመልካች ሆኗል። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ደግሞ በ40ኛው ቀን መዝገቡን ከነአካቴው ይዘጋዋል። ይህን ስል አነጋገሩን መናቄ አይደለም። ልጇን የቀበረችን እናት በዚህ ቃል ያጽናና ሰው ደግ ሠራ፤ «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ማለቱ ነውና። ነገሩ የሚበላሸው ለሐዘን የተሰፋውን ልብስ ለሥራ ቀን የለበስነው እንደ ሆነ ነው።

መድኃኒቱን መጀመሪያ የፈለግሁት ብዙ ሰው በሚፈልግበት ቦታ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በእግረኛ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት መጻሕፍት መካከል ብዙዎቹ ሰው ራሱን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያስተምሩ ናቸው። (የእኔን የግጥም መድበል አንድ ጊዜ ከእነርሱ ክምር ሥር አይቼዋለሁ።) ሦስቱን ገዛሁ። ሦስቱም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «እችላለሁ» እንድል መከሩኝ። ምክሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ኤሚል ኩዌ (1857–1926 እ.ኤ.አ.) ወደ እርሱ የሚመጡ ሰዎች፣ ከቀን ወደ ቀን እየተሻላቸው መሄዱን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጠዋትና ማታ 20 ጊዜ እንዲደግሙ ይመክር ነበር፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸውም የእኛን መቁጠሪያ የሚመስል 20 ቋጠሮ ያለው ገመድ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። እኔም ሞከርሁ። በሦስተኛው ቀን «እችላለሁ» ስል ከመስታወቱ የመለሰልኝ ያው የጥንቱ ድምፅ ነው፤ «ይህንንስ ከየት ገለበጥኸው?» እውነቱን ነበር፤ ከመጽሐፍ ገልብጬዋለሁ። ብቻዬን እንዳልሆንሁ የተረዳሁት ኋላ ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ቃል ሲደግሙ ስሜታቸው ከመሻሻል ይልቅ ብሶ ተገኝቷል።

ወደ ሌላው መንገድ የመራኝ የሥነ ልቡና ባለሙያ የሆነ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። ቡና እየጠጣን የሆዴን ስነግረው ሳቀና፣ «አንተ ተውኔት ጸሐፊ አይደለህም እንዴ? ታዲያ ለምን አታናግረውም?» አለኝ። ቀጥሎም ስለ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ስለ አሮን ቤክ (1921–2021 እ.ኤ.አ.) አጫወተኝ። ቤክ የሠለጠነው በፍሮይድ ትምህርት ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በከባድ ትካዜ የተያዙ ሰዎችን ሲያዳምጥ አንድ ነገር አስተዋለ፤ አፋቸው ከሚናገረው ሥር ለሐኪሙ ያልገለጹት፣ ራሳቸውም እምብዛም ልብ ያላሉት ሌላ ፈጣን ሐሳብ ይሮጥ ነበር፤ «ሐኪሙን አሰለቸሁት» የሚል ዓይነት። ሐሳቡ ሳይጠሩት ስለሚመጣ እውነት ይመስላል፤ ስለማይመረመርም ስሜትን እንደ ልቡ ይገዛል። የቤክ ሕክምና ይህንን ሐሳብ ማባረር፣ ወይም በሌላ ጣፋጭ ሐሳብ መሸፈን አይደለም። በወረቀት ላይ ማስፈርና እንደ ምስክር ቃል መመርመር ነው። ምን ሆነ? ያን ጊዜ ምን አሰብሁ? ማስረጃው ምንድን ነው? የሚቃረነውስ? ሌላ ፍቺ የለውምን? እ.ኤ.አ. በ1979 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው መጽሐፍ አሠራሩን ለሐኪሞች በዝርዝር አስቀምጦታል።

በዚያው ሌሊት ወረቀት አነሣሁ። 30 ዓመት ሲናገር ለኖረው ድምፅ፣ ለማንኛውም ገጸ ባሕርይ እንደማደርገው፣ በግራ በኩል ስም ጻፍሁለትና ቃሉን በቀኝ አሰፈርሁ። መጀመሪያ የገረመኝ ማነሱ ነው። በራሴ ውስጥ ሳለ እንደ ነጋሪት ይጐሰም የነበረው፣ በወረቀት ላይ ሦስት ቃል ሆኖ ቁጭ አለ። ቀጥሎ የማስረጃው ተራ መጣ። «ገልብጠሃል» ለሚለው ያገኘሁት ማስረጃ የመምህሬ ጥያቄና የእኔ ዝምታ ብቻ ነበር። «አልገለበጥሁም» ለሚለው ግን፣ ብዕሬን አቁሜ በዚያ ሌሊት ብቻዬን ሳቅሁ። «ይበቃናል» በግጥሙ ውስጥ ነበር እኮ! የሴት አያቴ በሬ በስሙ የተጠራበት መጽሐፍ በየትኛው አገር ታትሟል? ይህን ያህል የጠራ ማስረጃ በእጄ እያለ 30 ዓመት ተከሳሽ ሆኜ የኖርሁት፣ ችሎቱን አንድ ቀን እንኳ ስላልከፈትሁት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ከበደኝ። የመምህሬ ቃል ሌላ ፍቺ የለውምን? ሳወጣ ሳወርድ አደርሁ። መጥፎ ግጥም ይዞ የመጣ ልጅ ከየት ገለበጥኸው ተብሎ አይጠየቅም። መምህሬ ከገበሬ ልጅ እጅ ያልጠበቁትን ነገር አይተው ነበር። ይህ በደላቸውን አያነሣም፤ ልጁን ብቻውን ጠርተው «ይበቃናል ማን ነው?» ቢሉት ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። ነገር ግን በልጅነቴ ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ትልቁ ክስ ለብሶ መጥቶ እንደ ነበር ከዚያች ሌሊት በፊት ጠርጥሬ አላውቅም። መምህሬ ዐርፈዋልና ልጠይቃቸው አልችልም።

በዚያው ሰሞን ወደ አገር ቤት ወርጄ፣ ቅኔ ቤት ያደጉትን አጎቴን አገኘኋቸው። የልጅነቴን ታሪክ ሳጫውታቸው፣ «እኛ ዘንድ እኮ ሰውየው ቅኔ ዘረፈ ነው የሚባለው» አሉኝ። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። ቅኔ የሚዘርፍ ሰው ከራሱ የሚያፈልቅ ነው እንጂ የሌላውን የሚወስድ አይደለም። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ይከተላል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና አንሥቶ እስከ መወድስ ድረስ የቤቱ ልክ ከጥንት የተሰጠ ነው፤ ታሪኩንም ከመጽሐፍ ይወስዳል። የራሱ የሚሆነው ሰሙን ከወርቁ ያገናኘበት ቦታ ነው፤ ለዚያም ይመሰገናል። እኔ ግን አንድ ስንኜ የሌላ ሰው ዜማ ቢያስታውሰኝ እንደ ሌባ እሸሸግ ነበር።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምረው እፈራለሁ። ድምፁ አልጠፋም፤ ዛሬም ይመጣል። ወረቀቱም ሁልጊዜ ለእኔ አይፈርድም። «ሁለተኛው ገቢር ደካማ ነው» የሚለውን ሐሳብ ስመረምረው ማስረጃው ሁሉ ደገፈውና 14 ገጽ ቀደድሁ። «ጊዜ የለኝም» የሚለውም ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኘ። የአያቴ በሬ አንድ ብቻ መሆኑም የአስተሳሰብ ስሕተት አልነበረም፤ ሰው የሚያጣው ማግኘትን ስላላሰበ ነው የሚሉ መጻሕፍትን የማልታገሣቸው ስለዚህ ነው። ደግሞም እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፣ ሕይወትን የሚያስጠላ ትካዜ፣ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት፣ ሕክምና የሚሻ ሕመም ነው እንጂ ሰው በሌሊት ከብዕሩ ጋር ብቻውን የሚታገለው አይደለም። ይህንን ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነግሮኛል።

ባለፈው ክረምት ሁለተኛውን ገቢር ጨረስሁ። በውስጡ አንዲት አሮጊት ብቸኛ በሬዋን ወደ ገበያ ስትሸኝ የምትናገራቸው ስድስት ስንኞች አሉ። አንድ ምሽት ለ11 ዓመት ልጄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላት። ከደብተሯ ቀና ብላ አየችኝና፣

«አባዬ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

ዓይኔ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ታወቀኝ። ትንሽ ዘገየሁ።

«እኔው ነኝ የጻፍኩት» አልኋት።

«እሱማ አውቃለሁ። በሬው እንዴት ትዝ አለህ ማለቴ ነው።»

ወረቀቱን አስቀመጥሁና ስለ «ይበቃናል» ነገርኋት። በስሙ ሳቀች። አንድ በሬ ብቻውን እንዴት አድርጎ እንደሚያርስ ግን ሊገባት ስላልቻለ፣ መቀናጆ ምን እንደ ሆነ ሳስረዳት እራታችን ቀዘቀዘ።