በብርድ ብቻ የሚያፈስ መኪና

«አባዬ፣ መኪናችን ይሸታል» አለችኝ የአራት ዓመት ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና። ወሩ ጥር፣ ቦታው ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። እንደዚያ ባለ ጠዋት አፍንጫ ፊት ላይ መኖሩም ያጠራጥራል፤ እኔን ምንም አልሸተተኝም። «የማሞቂያው ሽታ ነው» ብያት ወደ መዋዕለ ሕፃናቷ ነዳሁ። ደርሰን ስንወርድ ሽታ የሚባል ነገር የለም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማታ ባለቤቴ የልጅቷን ካፖርት ልትሰቅል አነሳችና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዝም ብላ አየችኝ።

«ይሄ እኮ ቤንዚን ነው» አለች።

በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ፣ ለማስተርስ ትምህርት ወደ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መጥቼ፣ እንደ ብዙዎቻችን «ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ» ስል ትዳሩም ልጁም እዚሁ አገኘኝ። መኪናችን እ.ኤ.አ. የ1999 ሥሪት ጃፓን ሠራሽ ናት፤ ተማሪ ሳለሁ በርካሽ የገዛኋት። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዕድሜዋ ገና ጎረምሳ ነበረች። እዚህ ግን አሮጊት ናት፤ አገሩ መኪና ይበላል።

እንዴት እንደሚበላ ልንገራችሁ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የተቀመጡ መንትያ ከተሞች ናቸው። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ በረዶ እንዳይጋገርበት መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው በየዓመቱ የሚበተነው ከ300 ሺህ ቶን ይበልጣል። እኛ በትምህርት ቤት አሞሌ ጨው ገንዘብ እንደነበር፣ ከአፋር በግመል ተጭኖ እንደሚወጣ ተምረን ነው ያደግነው፤ መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት ያ ሁሉ ጨው ከካሚዮን ላይ አስፋልት ላይ ሲረጭ ሳይ ለቅድመ አያቶቻችን አዘንኩላቸው። ጨዉ ከቀለጠው በረዶ ጋር እየተረጨ ከመኪናው ሆድ ሥር ይገባና ነዳጅ የሚሄድባቸውን የብረት ቧንቧዎችና መገጣጠሚያዎቻቸውን ቀስ እያለ ያዝጋቸዋል።

ይህን የሚያይ መርማሪ ደግሞ የለም። አገር ቤት ቦሎ ለማደስ ሲባል መኪናው በየዓመቱ ምርመራ ፊት ይቀርባል፤ ሰልፉን ብንረግመውም ቢያንስ አንድ ሰው ሥሩን ያያል። በመንትያዎቹ ከተሞች የጭስ ምርመራ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ቀረ። መኪናዬ በተሠራችበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለግል መኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ያቺ መኪና ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ሳይመረምራት ነው የኖረችው።

የካፖርቱ ነገር የታወቀ ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተከራየነው ቤት መኪና ማሳደሪያው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአንድ በር ይገናኛሉ፤ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያም እዚያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ትንሽ ሰማያዊ እሳት ሌት ተቀን ትነዳለች። መጀመሪያ ራሴን ያጽናናሁት «በዚህ ብርድ ቤንዚን አይነድም» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ቤንዚን እሳት ሊይዝ የሚችል ተን መስጠት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ናፍታ እንደዚያ አይደለም፤ ቤንዚን ግን በሚኒሶታ ጥርም ያው ቤንዚን ነው። ተኑ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ሽቅብ አይበተንም፤ ወለሉን ይዞ እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የውሃ ማሞቂያዋ እሳት ያለችው ደግሞ እዚያው ወለሉ አጠገብ ነው። በሌሊት ተነስቼ መኪናዋን ሳላስነሳ በእጄ ገፍቼ አወጣኋት። ባለቤቴ በመስኮት ታየኝ ነበር፤ ምንም አላለችም።

በማግስቱ ወደ አንድ ትልቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ሞቅ ያለ፣ ወለሉ የሚያበራ ቤት ነው። ግማሽ ቀን አቆይተው «የነዳጅ መፍሰስ አልተገኘም» የሚል ወረቀትና የ150 ዶላር ሒሳብ ሰጡኝ። በእኛ ሙያ አንድ የታወቀ ቀልድ አለ፤ ደንበኛው ፕሮግራሙ ተበላሸ ሲል ሠሪው «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» ይላል። ያን ቀን ቀልዱ በራሴ ላይ ደረሰ። መኪናዋ ሙቀት ውስጥ ስትገባ ድና፣ ብርድ ላይ ስትወጣ ትታመማለች።

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱስ? አልበራም። እኔም ሦስት ቀን ሙሉ የተማመንኩት በእሱ ነበር። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ መኪኖች ራሳቸውን የሚፈትሽ ኮምፒውተር አላቸው፤ ግን የነዳጅ ተን ማምለጡን የሚፈትሸው ክፍል በብዙ መኪኖች ላይ ብርዱ ሲበረታ ጨርሶ አይሠራም። ፈሳሽ ቤንዚን ከቱቦ ሲንጠባጠብማ የሚያይበት ዓይንም የለው። እንደኔ ዓይነት ሰዎች የጻፉት ፕሮግራም እንደሆነ ሳስብ አፈርኩ።

ከዚያ ነው የአገራችን ሰው የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ የሄድኩት። ሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ የምትይዝ ጋራዥ አላቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ታክሲ ነድተዋል፤ እዚህም መጥተው ከአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ነው የጠየቁኝ።

«ማታ የት ነው የምታድረው?»

«ቤት ውስጥ ነበር፤ አሁን ደጅ።»

«እሺ፣ ዛሬ እዚህ ደጅ ትደር። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ና። ማንም እንዳያስነሳት።»

ስለዚህ በባቡር ተመለስኩ፤ ለዓመታት መኪና ስለምነዳ ረስቼው ነበር። አረንጓዴው መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ሥራ የጀመረው፤ የሁለቱን ከተሞች መሐል ያገናኛል። ጣቢያው ላይ ቁልፍ ስትጫኑ ከራስጌያችሁ የሚበራ ማሞቂያ አለ፤ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ እንደ ጫጩት ሥሩ ይሰበሰባል። ባቡሩ ሚሲሲፒን ሲሻገር ወንዙ ጠርዝ ጠርዙን በረዶ ሆኗል። ከዚያ ወንዙን ሽቅብ ጥቂት ራቅ ብሎ ነው የ35ደብልዩ ድልድይ። ነሐሴ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞቱ፤ 145 ቆሰሉ። መርማሪዎቹ ያገኙት፣ ምሰሶዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ሳንቃ ብረቶች ውፍረታቸው ሊሆን ከሚገባው ግማሽ እንደነበር ነው። ጋሼ ያን ዕለት ከመደርመሱ ትንሽ ቀደም ብለው በላዩ አልፈዋል። ሲያወሩት «ብረቱ አይደለም፣ መጋጠሚያው ነው» ይላሉ፤ ስለ ድልድይ ያውሩ ስለ መኪና አይለይም።

ዩኒቨርሲቲ ጎዳናና ስኔሊንግ መገናኛ ላይ ወርጄ በአውቶቡስ ወደ ሃይላንድ ሰፈራችን ሄድኩ። ሰፈሩ የመኪና ሰፈር ነበር። ከ1925 እስከ 2011 የፎርድ መገጣጠሚያ ፋብሪካ እዚህ ነበር፤ ለመስታወት የሚሆነውን አሸዋ እንኳ ከራሱ ከፋብሪካው ሥር ነበር የሚቆፍሩት። አሁን ቦታው አዳዲስ ቤቶች፣ መናፈሻና ኩሬ ሆኗል።

በማግስቱ ስደርስ ገና ጨለማ ነው፤ ብርዱ 28 ደርሷል። ጋሼ ቀድመውኝ መጥተዋል፤ የእሳት ማጥፊያውን አጠገባቸው አቁመዋል። ኮፈኑን ከፈቱና መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጎንበስ ብሎ ማሽተት ነው። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ቮልስ ነበረው። የቮልስ ነዳጅ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ የመኪናውን ርዝመት አቋርጦ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ ጠዋት ከማስነሳቱ በፊት የኋላውን ክዳን ከፍቶ ያሸት ነበር፤ እኛ ልጆቹ እንስቅበታለን። ቱቦውን ሳያፈስ ገና ይቀይረዋል፤ ሶማሌ ተራ ሄዶ በሜትር ገዝቶ ይመጣል።

«ቁልፉን አዙር፤ ሞተሩን ግን እንዳታስነሳ» አሉኝ ጋሼ። ቁልፉ ሲዞር የነዳጅ ፓምፑ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ቧንቧውን በግፊት ይሞላል። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። «ና እይ» አሉኝ በባትሪ እያበሩ። የነዳጅ ማጣሪያውን አልፎ ያለው አጭር የጎማ ቱቦ ብረቱ ላይ በሚገባበት ጫፍ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወደቀች። ሌላ ተተካች። ሞተሩ ሲነሳና ሙቀት ሲያገኝ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠብታው ጠፋ። የማሞቂያው አየር የሚሳበው ከፊት መስታወቱ ሥር ስለሆነ ነበር ሽታው ቀጥ ብሎ ልጄ ላይ የሚደርሰው።

ጋሼ ቱቦውን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። ሁለት ጥፋት ነበረበት። ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት ቱቦውን ቀይሮታል፤ ግን በካርቡራተር ለሚሠራ መኪና የሚሆን ነው የገጠመው። ጎማው ላይ በትንንሽ ፊደል 30 አር 7 ይላል። ካርቡራተር ያለው መኪና የነዳጅ ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም፤ የኔ ዓይነቱ ግን ከ3 እስከ 4 ባር ነው፣ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር የበለጠ። ለዚህ የሚሆነው 30 አር 9 የሚል የተጻፈበት ነው። ሁለተኛ፣ ማሰሪያው፣ ፋሼታ የምንለው፣ በካቻቢቴ የሚጠብቀው ባለ ጥርስ ዓይነት ነው። ጥርሱ ጎማውን ይነክሰዋል፤ ብዙ ባጠበቁት ቁጥር ብዙ ይቆርጠዋል። ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ሌላ ዓይነት አለ። የዋጋቸው ልዩነት የአንድ ቡና አይሆንም።

ብርዱ የሚጨምረው ነገር ይህ ነው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል፣ ድንጋይ ይሆናል፤ ብረቱን አቅፎ መያዝ ይተዋል። የሚገርመው፣ ነዳጅ የማይበላቸው የታወቁት የማሸጊያ ቀለበቶች የሚሠሩበት ቪቶን የሚባለው ጎማ ብርድ አይወድም፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይደነድናል። በጥር 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ከተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ሰባት ሰዎችን ይዛ የጠፋችው ብርድ ባደነደነው እንዲህ ባለ የጎማ ቀለበት ሰበብ ነው። ፊዚክስ አዋቂው ሪቻርድ ፋይንማን በምርመራው ስብሰባ ላይ የጎማውን ቁራጭ በረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ አሳይቷል። እኔ ይህን ታሪክ በተማሪነቴ አንብቤዋለሁ፤ መኪናዬ ውስጥ ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም። ጋሼም እጃቸው ከገባ አይቀር የነዳጅ መርጫዎቹን አራት ቀለበቶች ቀየሯቸው።

ቤንዚኑም የራሱ ድርሻ አለው። እዚህ የተለመደው ቤንዚን 10 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ነው፤ ኢታኖል የድሮ ጎማ ያሳብጣል፣ ያደርቃል። የአዲስ አበባ ቤንዚንም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በመጣ ኢታኖል ሲደባለቅ ቆይቷል፤ አሮጌ መኪና ያላችሁ ልብ በሉት። ሚኒሶታ ውስጥ አንዳንድ ማደያዎች ኢታኖል የሌለበትን ለጀልባና ለአንቲክ መኪና ይሸጣሉ። የኔን መኪና ከየትኛው እንደምመድባት ጋሼን ስጠይቃቸው «ከጀልባ» አሉ።

በሥራቸው መካከል ድሮ የነዳጅ ታንከር ሲቀደድ ሳሙና ለጥፈው ሰው ያደርሱ እንደነበር አጫወቱኝ። «እዚህስ?» አልኳቸው። «ሳሙናው ቤት እስክትገባ ነው፤ አንተ ግን ቤትህ ውስጥ ነው እሳቱ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ለዕቃው 38 ዶላር ተቀበሉኝ፤ ለድካማቸው ብዙ ተለምነው ትንሽ ወሰዱ።

ማታ የድሮውን ቱቦ በላስቲክ ጠቅልዬ ለባለቤቴ አሳየኋት። የተነከሰውን ቦታ በጥፍሯ ዳሰሰችው። «ተሠርቷል፤ አሁን ወደ ውስጥ ላስገባት?» አልኳት።

«ጠዋት እናሸታለን» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ካፖርት ደርበን ወጣን። ኮፈኑን ከፈትኩ። ልጄን አቅፌ ከፍ አደረግኳት፤ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ አሸተተችና «ብርድ ይሸታል» አለች። መኪናዋ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ደጅ ነው ያደረችው።