ተገድሎ በደቂቃው የሚነሳ ፕሮሰስ

ሰኔ 2012 ለሀዋሳ ሰው የሚረሳ ወር አይደለም። ሰኔ 11 ቀን ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ደግሞ እንቅልፍ ያጡ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ራሱን ሳይበር ሆረስ ብሎ የሚጠራ የግብጽ ቡድን በህዳሴው ግድብ ሰበብ የኢትዮጵያን የመንግሥት ድረ ገጾች ማጥቃት ጀምሮ ነበር። የተሰበሩት ገጾች ላይ የፈርዖን አፅምና ዛቻ ተለጠፈ። የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ተቋም ኢንሳ በኋላ በሰጠው መግለጫ ጥቃቱን መመከቱን አስታወቀ።

ሰው ለሳምንታት ያወራው ስለ አፅሙ ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ግን ሌላ ጥያቄ ያብሰለስለዋል፦ ምስሉን የለጠፈው እጅ በየት ገባ? ገጹ ከባክአፕ ሲመለስ ቀዳዳውስ አብሮ አልተመለሰም?

አዲስ ክልል ማለት አዲስ ቢሮ ነው፤ አዲስ ቢሮ ማለት ደግሞ ደመወዝ፣ ሂሳብና የሠራተኛ ማህደር የሚያርፍበት አዲስ ሰርቨር ነው። የሰርቨር ጥበቃ የአዳራሽ ጥበቃን ይመስላል፦ ሀዋሳ ያለው የሲዳማ ባህል አዳራሽ ስብሰባ አያጣውም። ያልተጠራ ሰው ገብቶ ከተገኘ ጥበቃው ክንዱን ይዞ ያስወጣዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያው ሰው ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢገኝስ? እንደገና ማስወጣት ይቻላል፤ እስከ ማታም ማስወጣት ይቻላል። በመድረኩ ጀርባ ያለውን በር ሄዶ የሚያይ ጥበቃ ግን ይለያል። ብዙ የአይቲ ክፍሎቻችን ማስወጣቱን በደንብ ያውቁበታል። ወደ ጀርባ በሩ የሚሄድ ነው የጠፋው።

ዛሬ ሰርቨር ውስጥ የሚሸሸገው ያልተፈለገ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ብዙውን ጊዜ ዛቻ አይለጥፍም። ዝም ብሎ ክሪፕቶ የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ያወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥራ ሲነሳ ለሰው ትዝ የሚሉት ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የተፈራረሙት፣ አብዛኞቹ ከቻይና የመጡ ኩባንያዎች ናቸው። እነሱ ልዩ ማሽን አላቸው፤ ለመብራቱም ይከፍላሉ። ሞኔሮ የተባለው ገንዘብ ግን ልዩ ማሽን አይሻም። ከኅዳር 2012 ወዲህ የሚጠቀምበት ራንደምኤክስ የተባለ ስልት ሆን ተብሎ ለተራ ፕሮሰሰር እንዲመች ነው የተሠራው። ሌባው እንግዲህ ኤክስኤምሪግ የተባለውን ፕሮግራም (ፕሮግራሙ በራሱ ሕገወጥ አይደለም) በሰው ሰርቨር ላይ ይጭናል። መብራቱን ቢሮው ይከፍላል፣ ገንዘቡን እሱ ይለቅማል።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2010 ላይ የቴስላ የክላውድ ሰርቨሮች የይለፍ ቃል ባልተደረገለት የኩበርኔቲስ መቆጣጠሪያ በኩል ተገብቶባቸው ክሪፕቶ ሲያወጡ ተገኝተዋል። ግንቦት 2012 ላይ ደግሞ አርቸር የተባለውን የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር ጨምሮ በአውሮፓ በርካታ ትልልቅ ማሽኖች በተሰረቁ የመግቢያ ቁልፎች ተደፍረው ለጊዜው ተዘግተው ነበር።

አሁን ወደ ማሽኑ ጠጋ ብሎ ማየት ይበጃል። ሊኑክስ ኬዴቭቴምፕኤፍኤስ የሚባል የራሱ ሕጋዊ ፕሮሰስ አለው። ኪንሲንግ የተባለው ማልዌር የሚያመጣው ክሪፕቶ አውጪ ይህንኑ ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ አንዲት «አይ» ፊደል ብቻ ይጨምርበታል። የደከመ ዓይን አያየውም። ባለሙያው ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረውን ቶፕን ይከፍታል፤ አራት ኮር ባለው ሰርቨር ላይ ይህ ፕሮሰስ 400 ከመቶ ገደማ ይዞ ከላይ ተቀምጧል። «ኪል ማይነስ ዘጠኝ» ይላል። ፀጥ። ሰርቨሩ ይተነፍሳል፣ ባለሙያውም ቡናውን ያነሳል። ሲኒውን ሳያስቀምጥ ያው ስም በአዲስ ቁጥር ከላይ ይመጣል።

የሚያስነሳው ሌላ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሥራዎችን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን ነው። ዌብ ሰርቨሩ የሚሠራበት ተጠቃሚ፣ ማንም ከፍቶ የማያየው የራሱ የክሮን ሠንጠረዥ አለው። እዚያ ውስጥ አምስት ኮከብ ተደርድሮ ይገኛል። አምስት ኮከብ ለሐይቅ ዳር ሆቴል ክብር ነው፤ ለክሮን ግን «በየደቂቃው ቀስቅሰው» ማለት ነው። ከኮከቦቹ ቀጥሎ ከሩቅ አድራሻ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስነሳ መስመር አለ። ክሮን ንጹህ ከሆነ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ይፈተሻል፤ «ከሞተ ሁልጊዜ አስነሳው» የሚል ትእዛዝ የያዘ፣ ስሙ የታወቀ አገልግሎት የሚመስል ፋይል ይኖራል።

አንዳንዱ ፕሮሰስ ዘበኛ አለው። ዘበኛው ጌታው መሞቱን ሲያይ ያስነሳዋል። እዚህ ላይ የሚያዋጣው ከመግደል ይልቅ ማፍዘዝ ነው፦ «ስቶፕ» የተባለው ምልክት ሲላክለት ፕሮሰሱ በዝርዝሩ ውስጥ ይቆያል፣ ግን አይንቀሳቀስም። ዘበኛው የጌታውን መኖር እንጂ መሥራቱን ስለማያጣራ ዝም ይላል። በዚህ ፋታ ባለሙያው ፋይሉ የት እንዳለ፣ ማን እንደወለደው፣ ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደሚያወራ ይመዘግባል። ቸኩሎ የገደለ ሰው ይህን ሁሉ ማስረጃ አብሮ ገድሏል። ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ ያለ ማስረጃ ግን ክሱ በየት ይቆማል?

ፋይሉን ልሰርዝ ሲሉ ሩት (የማሽኑ የበላይ ተጠቃሚ) ሆነውም «አይፈቀድም» የሚል መልስ የሚያጋጥማቸው አሉ። ሌባው ፋይሉን እንዳይነካ ቻትር በተባለው ትእዛዝ ቆልፎታል፤ መጀመሪያ ቁልፉን ማንሳት ያስፈልጋል። ከዚህ የከፋው ፕሮሰሰሩ ተጨናንቆ ቶፕ ግን ምንም የማያሳይበት ነው። ያን ጊዜ መመልከቻ መሣሪያዎቹ ራሳቸው እንዲዋሹ ተደርገዋል። በ2017 መጀመሪያ ላይ የተጋለጠው ፐርፍሲቲኤል የተባለው ማልዌር ደግሞ ሰው ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ሥራውን ያቆማል፣ ሲወጣ ይቀጥላል። አለቃ ሲመጣ ብቻ ጨዋ የሚሆን ሠራተኛ የማያውቅ ቢሮ ስለሌለ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የኢንተርኔት ካፌና የፎቶ ኮፒ ቤት ትውልድ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ፍላሽ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ይሆናሉ፤ ሾርትከቶቹን ሰርዞ ነቅሎ ሲሰካ እንደገና ይመጣሉ፤ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነዋ! የካፌ ባለቤቶች በራሳቸው ብልሃት ያገኙት መፍትሔ ዲፕ ፍሪዝ የተባለው ፕሮግራም ነበር። ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ወደ ንጹህ ሁኔታው ይመለሳል፣ ደንበኛው ያመጣው ቫይረስም አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ትልልቆቹ የክላውድ ቤቶች የሚሰብኩት «ሰርቨር አይጠገንም፣ በንጹህ ይተካል» የሚለው መንገድ ከዚያ እምብዛም አይርቅም። የቢሮ ሰርቨር ግን ዳታ ስለሚይዝ በየቀኑ አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ዳታው ለብቻው ባክአፕ ተደርጎ ሲስተሙ ከባዶ መጫን መቻል አለበት። ሩት የተወሰደበትን ማሽን አጥቦ ማመን የዋህነት ነው።

ከባዶ ተጭኖም ቀዳዳው ካልተደፈነ ሌባው በዚያው ይመለሳል። ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ጥበብ የሚጠይቅ አይደለም። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ያለ ይለፍ ቃል ለዓለም ተከፍቶ ይገኛል። የዶከር ፖርት 2375 እንዲሁ። ዓመታት ሳይታደስ የቆየ የድረ ገጽ ፕለጊን፣ ከየትም የወረደ ክራክ፣ ለመላው ክፍል በቴሌግራም ግሩፕ የተላከ አንድ የሩት ይለፍ ቃል፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ትቶት የሄደ የኤስኤስኤች ቁልፍ ይጨመርበት። ሌባው የራሱን ቁልፍ በእነዚሁ ቁልፎች መካከል ነው የሚያስቀምጠው፤ የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ከሌለ ማንም አያወጣውም። ኪንሲንግ አንድ ሰርቨር ውስጥ ሲገባ ቀድመውት የገቡትን ሌሎች ክሪፕቶ አውጪዎች እየፈለገ ይገድላል። ሌባው ሰርቨሩን ከባለቤቱ አጥብቆ ይፈትሻል ማለት ነው።

ወደ ውጭ የሚወጣው መስመርም ይረሳል። የደመወዝ ሰርቨር ከማያውቀው የባህር ማዶ አድራሻ ስክሪፕት የሚያወርድበት ምክንያት የለም። ፋየርዎሉ የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም ቢገድብ ክሮኑ በየደቂቃው ቢቀሰቀስ እንኳ ባዶ እጁን ይቀራል። ሎጉም ከማሽኑ ውጭ ወዳለ ሌላ ሰርቨር ቢላክ፣ ሌባው የራሱን ዱካ መሰረዝ ይከብደዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ «ሲስተም የለም» ተብሎ ባለጉዳይ በሚመለስበት ሰዓት ከጀርባ የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ነው፦ ሪስታርት። ሪስታርት ደግሞ በሲስተምዲ የሚነሳውን ማልዌር መልሶ ያስነሳዋል። ሰርቨር የሚያስተዳድር አንባቢ ካለ ነገ ጠዋት የዌብ ሰርቨሩን ተጠቃሚ የክሮን ሠንጠረዥ ይክፈት፤ ከዚያ የሩትን የኤስኤስኤች ቁልፎች አንድ በአንድ ይቁጠር። ባለቤቱ ያልታወቀ ቁልፍ ካገኘ ቅጂና የተገኘበትን ሰዓት መዝግቦ ያስወግደው፤ አለቃውንም በጽሑፍ ያሳውቅ።